ሙሽራ የሚያቆመው ታዴዎስ

ታክሲ ውስጥ ከታዴዎስ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቢበሳጭ አልፈርድበትም። ያፈጣል። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ስትመለከት ካየ፣ አገጯ ወዴት እንደዞረ፣ የትኛው ትከሻዋ ዝቅ እንዳለ ሳያጠና አይወርድም። አንድ ቀን መገናኛ ላይ የአንዲቱ ባል ኮሌታውን ይዞ ሊያወርደው ሲታገል፣ "ኧረ ተወው ወንድሜ፣ ፎቶ አንሺ ነው! ሙሽራ እንዴት እንደሚያቆም እያሰበ ነው" ብዬ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አላመነኝም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ጉርድ ሾላ ላይ ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል። እኔ ቬሎ አከራያለሁ፣ እሱ ሙሽራ ያነሳል። የፎቶ ፕሮግራም ቀን ከልብሴ ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ሙሽራ የምትባል ፍጥረት እንጦጦ ስትደርስ የለበሰችው የሰው ንብረት መሆኑን ትረሳና እሾህ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ታዴዎስ ሲሠራ ከእኔ በላይ ያየው ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የአሁን ልጆች ፖዝ የሚፈልጉት ስልካቸው ላይ ነው። አንዱ ያነሳውን ሌላው ይደግመዋል፤ ሙሽራው ሙሽራዋን ወገቧን ይዞ ያዘነብላታል፣ ሚዜዎቹ ይዘላሉ፣ ዓይነ ርግቡ በነፋስ ይበተናል። አልበሞቹን ብታቀላቅሏቸው ማን ማንን እንዳገባ መለየት አትችሉም። ታዴዎስ ግን ሙሽራዋን ከሰርጉ በፊት ሱቁ ይጠራትና ሌላ ሌላ ወሬ ያወራታል። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ከማን ጋር እንደተጣላች ይጠይቃታል። እሷ ስታወራ እሱ እጇን ያያል። "ሰው ሁሉ የራሱ አቋቋም አለው፤ እኔ ፈልጌ አገኝለታለሁ እንጂ አልፈጥርለትም" ይላል። ሲበዛ ደግሞ ችኮ ነው። አንዲት የፀጉር ዘለላ ግንባር ላይ ከወደቀች ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ተወልዶ ያደገው እዚያው እንጦጦ፣ ከማርያም ወረድ ብሎ ነው። እናቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር እያወረደች ነው ያሳደገችው። ሸክሟን አውርዳ ብታርፍ መልሶ የሚያሸክማት ሰው ስለማታገኝ፣ እንደተሸከመች ጀርባዋን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ታስደግፍና ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ፀሐይ ታነሳለች። ታዴዎስ ስንቷን ሙሽራ በዚያ አቋቋም እንዳቆማት! ባለ ቬሎዋ ግንድ ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን ታምራለች፤ ያየ ሁሉ ፖዙን ከየት እንዳመጣው ይጠይቀዋል። "ከሰፈር ነው" ብሎ ያልፋል።

እናቱ የሞተች ቀን እሱ ደብረ ብርሃን ሰርግ ሊያነሳ ሄዶ ነበር። ወንድሞቹ ለደጋሾቹ ደውለው፣ "እባካችሁ አትንገሩት፤ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ እኛ እናረዳዋለን" አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ ታዴዎስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ "ፈገግ በሉ እንጂ!" ሲል ዋለ። ሰዎቹም ፈገግ አሉለት። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ወንድሙን አላናገረውም። "መሞቷንማ ምን አደርገዋለሁ? ሰው ሁሉ እያወቀ እኔን እንደ ሕፃን ማታለላቸው ነው የሚያቃጥለኝ" ይለኛል። እኔ ለወንድሙ አዝናለሁ። ሁላችንም የምናደርገው ያንኑ ነው፤ መርዶ በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ታዴዎስ ግን እኔ ካወቅኩ ከማንም አልደብቅም ብሎ ምሎ ነበር።

ናዝሬት የመጣችው ለጥር ሰርግ ነው። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ሳቂታና ተጫዋች ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት አባቷ አቶ ገበየሁና የአባቷ እህት እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው። አቶ ገበየሁ ጉበታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሰርጉ ይተላለፍ ቢባሉ፣ "የኔን አልጋ ከሷ ቀለበት ምን አገናኘው!" ብለው በቁጣ እምቢ አሉ። ናዝሬት ስልኳን ከፍታ የሰበሰበቻቸውን ፖዞች ለታዴዎስ አሳየችው፤ ሁሉም ውስጥ ሙሽሮቹ ጥርሳቸው እስኪቆጠር ይስቃሉ። እኔ ከጎን ሆኜ ታዴዎስ ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው።

"ጋሽ ታዴዎስ፣ እነዚህ ለጓደኞቼ ናቸው። አንዷን ግን እርስዎ ይፈልጉልኝ። ለአባዬ ናት። ከፎቶ ፕሮግራሙ በኋላ ከነቬሎዬ ሆስፒታል ሄጄ እዚያው ካሜራዎ ላይ አሳየዋለሁ። ሜካፑና ቬሎው እንዳያደናግረው፤ ገና ሲያያት 'ይቺ የኔ ልጅ ናት' ማለት አለበት።"

"አባትሽ እንዴት ቆመሽ ነው የሚያውቁሽ?" አላት።

አሰበች። "ከሥራ ሲመጣ የግቢያችንን በር ተደግፌ ነበር የምጠብቀው። አንዱን እግሬን በሌላው ላይ አጣምሬ። 'አንቺ ሽመላ፣ በሁለት እግርሽ ቁሚ' ይለኛል።"

ታዴዎስ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንጦጦ እየወጣ በር ሲፈልግ ሰነበተ። በመጨረሻ ከማርያም በታች፣ ባለቤቶቹ የማይኖሩበት ግቢ፣ ዝናብ ያነጣው የእንጨት በር አገኘ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ ከልብሱ ጋር የካ ወደሚገኘው ቤታቸው ደረስን። ናዝሬት ጓዳ ውስጥ ፀጉሯን እየተሠራች ትዘፍናለች። እትዬ ፈትለወርቅ እኔንና ታዴዎስን በእጃቸው ጠቅሰው ከማድ ቤቱ ኋላ ወሰዱን። የአገር ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ዓይናቸውን ተኩለዋል። ኩሉ ረጥቧል።

"ገበየሁ ንጋት ላይ አረፈ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄ አልሰማችም። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው ከየአገሩ መጥቷል፤ እሱም ቢሆን ሰርጓን አታፍርሱባት ነበር ቃሉ። ነገ ንጋት ላይ እናረዳታለን። አንተ ሆስፒታል ልትወስዳት ነው የሚል ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ፎቶውን አርዝምና ሰዓቱን ግደልልኝ።"

ታዴዎስ አመድ መሰለ። እሺም እምቢም አላለም። እሳቸው ዝምታውን እሺታ አድርገው ወሰዱትና አይበሉባውን ስመው፣ ፊታቸውን አባብሰው ወደ እልልታው ገቡ። እኔ ግን ሰውየውን ስለማውቀው በዚያ እሺታ አልተማመንኩም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጦጦ ወጣን። ሙሽራው ፊራኦል ተነግሮታል፤ ምስኪን ልጅ፣ ፊቷን ማየት አቅቶት ከንፈሩን ሲነክስ ነው የዋለው። ታዴዎስ ይህን አይቶ፣ "መጀመሪያ ሙሽራዋን ብቻዋን ነው የማነሳት" ብሎ እሱንና ሚዜዎቹን መኪና ውስጥ አስቀመጣቸው። ወደ በሩ የሄድነው ናዝሬት፣ እትዬ ፈትለወርቅ፣ ታዴዎስና እኔ ነን። እኔ የቬሎውን ጅራት ይዣለሁ። እትዬ ፈትለወርቅ ደግሞ ማንም አፉ እንዳያመልጠው ከልጅቷ ጎን አይጠፉም።

ናዝሬት በሩን ስታይ እንደ ሕፃን ሳቀች። ሄዳ ተደገፈችው፣ በቬሎው ስር እግሯን አጣመረች፤ ማንም "እንዲህ ሁኚ" አላላትም። ታዴዎስ ያንን በር ሲፈልግ ለምን እንደሰነበተ ያን ጊዜ ገባኝ። ሙሽራ ሳትሆን ሰው የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። አባቷ ቢያያት ከመንገዱ ማዶ ይለያት ነበር።

የጥር ነፋስ ከዛፎቹ መሐል መጣ። ቬሎው ክንድ የለውም፤ ልጅቷ ተንቀጠቀጠች። እትዬ ፈትለወርቅ ሮጠው ነጠላቸውን ከላያቸው ገፈው አለበሷት፣ ትከሻዋን ጠቀለሉላት፣ አንገቷ ስር ሸጎጥ አደረጉላት፣ ጉንጯን ዳበስ አድርገው ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ታዴዎስ አየን።

እሱ ዓይኑን ካሜራው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። እኔም የሚያየውን አየሁ። የነጠላው ጥለት ታች መሆን ሲገባው ከላይ ሆኗል፣ አንገቷን ዞሮ ፊቷን ከብቦታል። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ይህን የማያውቅ አገር ውስጥ የለም። እትዬ ፈትለወርቅ ምላሳቸውን ከንጋት ጀምሮ ጠብቀዋል፤ እጃቸው ግን ወንድሙ የሞተበት ሰው እጅ ነውና ሳያስቡት እንደ ለቀስተኛ አለበሳት።

ለፀጉር ዘለላ ሥራ የሚያስቆመው ሰው ምንም አልተናገረም። አነሳት።

"ላየው! ለአባዬ ይሆናል ወይ?" ብላ ናዝሬት እየተጣደፈች መጣች። ታዴዎስ ካሜራውን ሰጣት።

ስክሪኑን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ባለበት ቀረ። እጇ ቀስ ብሎ ወደ አንገቷ ወጥቶ ጥለቱን ዳበሰ። ወደ እትዬ ፈትለወርቅ ዞር አለች። እሳቸው ያለ ነጠላ ብርዱ ላይ ቆመው፣ ምን እንደሠሩ ሳያውቁ፣ "አበባ መስለሻል!" እያሉ ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

"መቼ ነው?" አለች ናዝሬት። እኔና ታዴዎስ ብቻ ሰማናት።

"ዛሬ ንጋት ላይ" አላት።

"እቴቴ ታውቃለች?"

"ያውቃሉ።"

"ጠዋት እልል ስትልልኝ ነበር እኮ።" ትወድቃለች ብዬ ቬሎውን ለቅቄ ክንዷን ያዝኩ። አልወደቀችም። ነጠላውን ከላይዋ አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ እንደ ማንኛዋም ባለ ሰርግ አጣፋችው። "እቴቴ ማወቄን ያየች እንደሆነ የምትሞተው እሷ ናት። ጋሽ ታዴዎስ፣ ይሄንን ያጥፉት። አሁን እነዚያን የሚስቁትን ያንሱኝ።"

ታዴዎስ ካሜራውን ተቀብሎ ደረቱ ላይ ያዘው።

"ያንሱኝ እንጂ፣ እያየችን ነው!"

አነሳት። በሩ ላይ ሳቀች፣ ዛፉ ስር ሳቀች፣ ፊራኦልን ከመኪናው ጎትታ አውጥታ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች። አቅጣጫ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ታዴዎስ ከካሜራው ኋላ እንባው እየወረደ፣ በእጅጌው እየጠረገ ያነሳል። እትዬ ፈትለወርቅ ጊዜው መድረሱን አይተው፣ "ሆስፒታሉ እንኳ ዛሬ ጠያቂ አያስገባም መሰለኝ…" ብለው መንተባተብ ሲጀምሩ ናዝሬት ቀደመቻቸው። "ተዪው እቴቴ፣ አባዬ ይተኛ። ነገ እሄዳለሁ" አለቻቸውና ጉንጫቸውን ሳመች። አሮጊቷ እፎይ ሲሉ በዓይኔ አየሁ።

ማታ ከሰርጉ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ጥለቱን አይተኸው ነበር?" አልኩት።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ አስተካክዪው አትልም?"

"እንደኔ መጫወቻ እንዳትሆን ብዬ ነው፣ ዲንቄ። አውቃ ታለቅሳለች፣ ይሄ ሁሉ ይቀራል ብዬ ነበር።"

"አንተ የሞተብህን ቀን ስታስብ እሷ የምትኖረውን ቀን ወሰድክባት" አልኩት። ተናድጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ኬክ ስትቆርስ፣ ስትጨፍር፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ስታጎነብስ አይቻታለሁ። ባታውቅ ኖሮ እነዚያ ሰዓታት የሷ ነበሩ።

በማግሥቱ ንጋት ዘመዶቿ መሪ ሰፈር፣ ሙሽሮቹ ወደገቡበት ኮንዶሚኒየም ሄደው አረዷት። ጩኸቷ ከላይኛው ፎቅ እስከ ግቢው ተሰማ አሉ። ፀጉሯን ነጨች፣ ከያዟት ሴቶች እጅ አመለጠች። ሁሉም "ድንገት ሆኖባት ነው" አሉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ዓይኗ ከዓይኔ ተጋጨ፤ ወዲያው አቀረቀረች።

ታዴዎስ ለቅሶ ቤት አልመጣም። ሙሽራ ማንሳቱንም ተወ። አሁን የሚያነሳው ጉርድ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ማየት ነው፤ ፖዝ የለውም። ታክሲ ውስጥም ሰው አያይም፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚሄደው።

አልበሙን ሊወስዱ የመጡት እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተቆርጠው። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ገጽ በቀስታ ገለጡ፣ ናዝሬት የምትስቅበትን ሁሉ በጣታቸው ዳሰሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁት።

"ሰው ሁሉ 'እንዴት ቻልሽው' ይለኛል" አሉ። "የሚያቆመኝ ይሄ ነው። ወንድሜን በልቼ፣ ለልጄ ግን አንድ ቀን አተረፍኩላት። ይኸው፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። አንተ ቅርብ ሆነህ ስላየሃት ንገረኝ እስቲ፣ ምንም አላወቀችም አይደል?"

ታዴዎስ ከመሬቱ ቀና ብሎ አያቸው።

"አዎ፣ እትዬ" አላቸው። "ምንም አላወቀችም።"