«መካከለኛ» የተባለችው ዳይሬክተር

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከይርጋጨፌ ሞተር ይዤ ወደ ፍስሐ ገነት አቅጣጫ ስሄድ ምን እንደሚገጥመኝ ቀድሜ የማውቅ መስሎኝ ነበር... የትምህርት ባለሙያ ነኝ። ጥሩ የሠሩ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ት/ቤት ዳይሬክተሮች ዲላ ላይ ይሸለማሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት በየት/ቤቱ እየዞርኩ ቅጽ የማስሞላ ሰው ነኝ። ሰው ቅጽ ሲያይ ያልሠራውን ሁሉ ሠርቻለሁ እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ቀን የምገመግማት ዳይሬክተር ብርሃኔ ትባላለች። ግቢው ውስጥ ስገባ ገረመኝ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፣ ደግሞ ውስጡ ልጆች አሉ (ይሄ ብርቅ ነው፣ እመኑኝ)። የስም መጥሪያውን ገለጥኩ... ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ሌላ ጋ ክፍሉ ጭር በሚልበት ጊዜ፣ እዚህ የቀረ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። ቢሮ ተቀምጠው የሞሉት እንዳይሆን ብዬ ከልጆቹ ደብተር ጋር አስተያየሁት። እውነት ነው።

በልቤ አሸናፊዋን አገኘሁ አልኩ።

ከዚያ ወላጆችን መጠየቅ ጀመርኩ። ዳይሬክተሯ እዚያ አትገባም፣ ደንቡ ነው። መጀመሪያ የተናገሩት የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጂግሶ ናቸው፤ ኮስተር ያሉ ሽማግሌ። ዳይሬክተራችሁ እንዴት ናት አልኳቸው።

«መካከለኛ ናት» አሉኝ።

ቀጥሎ ያለው ሰውዬ... መካከለኛ። ሦስተኛዋም... መካከለኛ። ጥበቃው ሳይቀር ጥያቄዬን ሳልጨርስ መካከለኛ አለኝ። አንዲት እናት ብቻ ሳያስቡት አመለጣቸው። በቡና ለቀማ ጊዜ ብርሃኔ በየማሳው እየዞረች ልጆቹን እንደምትሰበስብ፣ ወላጆቹ እንዳይጎዱም ከትምህርት በኋላ ራሷ ከልጆቹ ጋር ቡና እንደምትለቅም ማውራት ሲጀምሩ አጠገባቸው ያለው ሰው እግራቸውን ረገጣቸው። ሴትዮዋ ወዲያው «ግን መካከለኛ ናት» አሉ።

ተናደድኩ። ቂም ያለባቸው መሰለኝ። የለፋን ሰው እንዲህ ሲያሳንሱት ደሜ ይፈላል። አቶ ጂግሶን ወደ ውጭ ይዤ ወጣሁና እሷ ምን በድላችሁ ነው አልኳቸው።

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከብርሃኔ በፊት የነበረው ዳይሬክተርም ጎበዝ ነበር አሉ። እነሱም ገምጋሚ ሲመጣ አመስግነው አመስግነው አሸለሙት። በተሸለመ በወሩ ወረዳ ጽ/ቤት ተሹሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብርሃኔ እስክትመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሄድ ልጆቹ ትምህርት ጠሉ።

«እናንተ ጥሩ ሰው ስታዩ ትወስዳላችሁ» አሉኝ። «ይቺን አንሰጥም። ልጄ፣ አንተም መካከለኛ ብለህ ጻፍና ሂድ።»

እውነታቸውን ነው። ከሽልማቱ ኋላ የዝውውር ደብዳቤ ሲከተል እኔም አይቻለሁ።

ወደ ብርሃኔ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ታውቃለች። ወላጆቹ እሁድ ከጸሎት ሲወጡ ተሰብስበው ተስማምተዋል፣ ለእሷም አልደበቋትም። እንዲህ የሚሳሳልሽ ሰው ማግኘት ደስ አይልም ወይ አልኳት። እየሳቀች ነበር... ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ዝውውሩን አልፈልግም ወንድሜ። ሽልማቱን ግን እፈልገዋለሁ። በመምህርነትም በዳይሬክተርነትም አስራ አንድ ዓመት ስሠራ ጎበዝ ያለኝ ሰው የለም። አሁን ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ተሰብስበው መካከለኛ ነሽ አሉኝ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ... ግን ያማል።»

ወጥቼ ያለችውን ቃል በቃል ለአቶ ጂግሶ ነገርኳቸው። እሷን ላለማጣት ሲጨነቁ ቅስሟን እየሰበሩ መሆኑ ለካ አልታያቸውም ነበር። አሳዘኑኝ።

«ቅጹን አምጣ» አሉኝ ቀስ ብለው።

የተሞላ ቅጽ አይቀየርም። እኔ ግን አዲስ አወጣሁ። (አለቆቼ ይህን ካነበባችሁ የመጀመሪያውን ቅጽ ዝናብ ነክቶት ነው።) ሁሉም ተራ በተራ ገብተው ያላቸውን ተናገሩ። እግራቸውን የተረገጡት እናት ብቻቸውን ግማሽ ሰዓት ወሰዱ። እኔም ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ባለችበት ብትቀጥል ይሻላል የሚል ጨመርኩ፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ።

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ላይ ሽልማቱ ተሰጠ። የብርሃኔ ስም ሲጠራ ከአዳራሹ ኋላ ሃያ የሚሆኑ ወላጆች ተነስተው ቤቱን በጭብጨባ አቀለጡት። ጋቢ ለበሰች፣ የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች፣ አለቀሰች... እኔም ዓይኔን አበስኩ፣ አልደብቅም። አጠገቤ የተቀመጡት የትምህርት ቢሯችን ኃላፊ በጣም ደስ አላቸው። ሕዝብ ለአንድ ዳይሬክተር ብሎ መኪና ተኮናትሮ ሲመጣ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

አቶ ጂግሶን ሰላም ልል ወደ ኋላ ሄድኩ። ወንበር ፈልጌ ላስቀምጣቸው ብል እንቢ አሉ። ዓይናቸው መድረኩ ላይ ነው። ሹፌሩ ውጭ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀ ነው አሉኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ ብቻ አልነበረም የመጡት፤ ከመድረክ ስትወርድ ይዘዋት ሊሄዱ ነው።

ፕሮግራሙ አልቆ ምሳ ሲባል ኃላፊው ጠሩኝ።

«ያቺን ዳይሬክተር እስቲ ፈልግልኝ፣ ለቢሮ የምትሆን ሰው ናት።»

«ይቅርታ ጋሼ... ቀድመውናል።»