ሟርት የሆነብኝ ጥያቄ

በረሃቡ ዘመን ነው፤ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች ካምፕ ነበርን። ከኮሌጅ ሸሽተን ከመጣነው ልጆች አንዱ ራሱን አጠፋ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሱዳናዊት ነርስ ሰብስባን በአስተርጓሚ ታሠለጥነን ጀመር።

«ዝም ያለውንና ዕቃውን ለሰው የሚያድለውን ልብ በሉ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብላችሁ በግልጥ ጠይቁት። ከጠየቃችሁ ደግሞ ጥላችሁት እንዳትሄዱ» አለችን። በመጨረሻም ለእያንዳንዳችን የምንጠብቀውን ጓደኛ ስም በብጣሽ ወረቀት አስጽፋ አደለችን።

ለእኔ የደረሰኝ ሙሉጌታ ነው። እህቱን መንገድ ላይ ከቀበረ ወዲህ አይናገርም፤ ሥልጠናውንም ከኋላ ተቀምጦ በዝምታ ጨረሰው። ሦስት ቀን ጎጆው ድረስ ሄድሁ። ጥያቄው ግን ከአፌ አልወጣ አለ። እኛ አገር እንዲህ ያለውን መጠየቅ ሟርት ነው። ስለ ራሽኑ ማሽላ፣ ስለ ዝንቡ ቀባጥሬ እመለሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ጋቢዬን ይዤለት ሄድሁ።

«እንካ ልበሰው፤ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አልሁት።

ተቀብሎ ጋቢውን ብዙ አየው። ከዚያ ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። የተጻፈበት የእኔ ስም ነበር።

«ሰኞ ሰዓትህን ለጎረቤት ሰጠህ፤ ትናንት ጫማህን» አለኝ፣ ድምፁ ሻክሮ። «ዛሬ ደግሞ ጋቢህን። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?»

ልስቅ አፌን ከፈትሁ፤ ሳቁ አልመጣም። ሙሉጌታ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ መልሶ ጣለና መውጫዬን ዘግቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።