የብርቄ እጅና አረንጓዴዋ የእሳት እራት

ሰሞኑን ስልኬ ሞላሁ እያለ ይነዘንዘኛል። ትናንት ደግሞ በራሱ ሥልጣን የደበዘዙ ፎቶዎቼን ለቃቅሞ አቀረበና «ላጥፋቸው?» አለኝ። ማሽን ሲመክረኝ ደስ አይለኝም፤ ሰው ሲመክረኝም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቢሆንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ከመካከላቸው ግድግዳ ላይ ያረፈች አረንጓዴ የእሳት እራትና ከአጠገቧ የተዘረጋ የሴት እጅ አገኘሁ። ሁለቱም ውኃ ውስጥ የተነሱ ይመስላሉ።

እጁ የብርቄ ነው። ያን ጊዜ ሻርጃ፣ አል መጃዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ክፍል በቤድ ስፔስ፣ በየአልጋችን እየከፈልን፣ ይዘን ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እኔ ቀን ቀን አንድ የጥርስ ክሊኒክ ስልክ አነሳለሁ፣ ማታ አነባለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ ሰው አርማለሁ። ብርቄ ሰው ቤት በተመላላሽነት ትሠራ ነበር። ታላቃችን እትዬ ዘውዴ ደግሞ ማዳማቸው እንኳ የምትፈራቸው ወጥ ሠሪ ነበሩ።

ጥቅምት ነበር፤ ወበቁ ሰው መልቀቅ የሚጀምርበት፣ ከስንት ወር በኋላ መስኮት የሚከፈትበት ጊዜ። ሰኞ ከሥራ ወጥቼ መንገድ ዳር ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ስጠጣ የብርቄ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ከወልድያ ደወለልኝ። እናታቸው እሑድ አርፈው ዕለቱን ተቀብረዋል። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ አደራ አለኝ። ሻዩ በእጄ እንዳለ ቀዘቀዘ።

እትዬ ዘውዴ ወዲያው ወሰኑ፤ መርዶው ዓርብ ጠዋት፣ ሁሉም ሥራ በማይገባበት ቀን ይነገራል። እኔ ተከራከርኩ። ሰው የገዛ ሐዘኑን ከባዕድ ዘግይቶ እንዲሰማ ማድረግ ጭካኔ ነው አልኩ፤ ያነበብኩትንም ሁሉ ጠቃቀስኩ። እትዬ ዘውዴ ሽንኩርት እየከተፉ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ዛሬ ብትነግሪያት ነገ የሰው ወለል እየወለወለች ነው የምታለቅሰው» አሉኝ። «እዚያ ማን ደግፎ ይይዛታል? መጽሐፍሽ?»

ረቡዕ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልንወጣ ስንል፣ ብርቄ ከታች ጠራችን። የእሳት እራቷ ከሕንፃው በር አጠገብ፣ ከቧንቧ በሚንጠባጠብ ውኃ ከሚኖረው ባለሮዝ አበባ ቁጥቋጦ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነበር። መዳፍ ታክላለች። አረንጓዴ ናት፣ ግን አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይደለም፤ ከጎመን ተነስቶ እስከ ሎሚ ልጣጭ ይሄዳል፣ መሐሉ ላይ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ክር ይዞርበታል። እትዬ ዘውዴ ምን ያለች ቢራቢሮ ናት አሉ። የእሳት እራት ናት ብዬ አረምኳቸው። በዚያች ሰዓት እንኳ አረምኳቸው።

«አንሺኝና ለእማዬ ልላክላት» አለች ብርቄ።

እናቷ የሐበሻ ቀሚስ ጠላፊ ነበሩ። ስፋቷን እንዲያዩ ብላ እጇን ከጎኗ ዘረጋች፤ ከዚያ የወለል ማጽጃው ክሎሮክስ የላጠውን ጣቷን አጠፈችው። በእኔ ስልክ አነሳኋት፤ ደበዘዘ። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም።

«አንቺ ልጅ፣ ከመጽሐፍ ሌላ ነገር መያዝ አትችይም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። የተሻለውን መርጣ ለእማዬ አሳይልኝ ብላ ለደሳለኝ ላከችው። እትዬ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

መልሱ እራት ላይ ደረሰ። ብርቄ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ «ይህን የጠለፈ እጅ ይባረክ አለች።» ደግማ አነበበችው። አይ እማዬ፣ አነጋገሯ ራሱ ነው እያለች ሳቀች። ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ከቦት ሳለ፣ ያ ልጅ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ የእናቱን አንደበት ሲፈልግ ታየኝ። ሐሙስ፣ ብርቄ እንዳታይ፣ የንፍሮውን ስንዴና ሽምብራ ጎረቤት ክፍል ዘፈዘፍን።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲገቡ ብርቄ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ማንም ሳይናገር ገባት። «እማዬ ናት?» ብቻ አለች። እትዬ ዘውዴ በአንድ በኩል ያዟት፣ እኔ በሌላው። መጽሐፌ የት እንደነበር አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ሲሰክን አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እሑድ ነው አላችሁኝ?»

«አዎ።»

«ፎቶው ረቡዕ ነው።»

ስልኬን ተቀብላ ደብዛዛውን ፎቶ ከፈተችው።

«ለካ ለዚህ ነው የተንቀጠቀጥሽው» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስለ ደሳለኝ መልስ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

አሁን ከሻርጃ አጠገብ፣ አጅማን፣ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማረምም እንጀራዬ ሆኗል፤ የሰው ጽሑፍ አርሜ እበላለሁ። ስለ መርዶ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የእትዬ ዘውዴን ጥያቄም ዛሬም አልመለስኩም። ለስልኬ ግን አታጥፋው አልኩት። ከዚያ ዓመት ፎቶዎቼ ውስጥ በደንብ የተነሱት ብዙዎቹ የት እንደተነሱ እንኳ ጠፍቶብኛል።

ብርቄ አገሯ ገብታ በእናቷ ሙያ ትተዳደራለች። በፋሲካ ደውላ አዲስ አረንጓዴ ጥልፍ እንደጀመረች አወራችኝ።

«ያቺ የእሳት እራት ትዝ አለችሽ?» አለችኝ። «እማዬ አይታት፣ ይህን የጠለፈ እጅ ይባረክ ያለቻት?»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከታች መኪኖቹ ያልፋሉ።

«ትዝ አለችኝ» አልኳት። «ይባረክ ብለው ነበር።»