ዙሪክ የተቀመጡት ሽማግሌዎች

ዮዳሄ አስረስ የደስታ አያያዝ አታውቅም። ደስ ሲላት ዕቃ ከእጇ ይወድቃል፣ ቁልፍ ይጠፋታል፣ ትራም ጥሏት ይሄዳል። በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ከአሜሪካ የመጣላትን ኢሜይል ደረጃ እየወጣች ስታነብ፣ ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ ሠፈር ካለው ቤታቸው ሦስት ፎቅ አልፋ ሄደችና የማታውቃቸውን የፖርቱጋል ሴትዮ በር በራሷ ቁልፍ ልትከፍት ትታገል ጀመር። ሴትዮዋ ከፍተው በድንጋጤ ሲያዩዋት፣ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ አቅፋ ሳመቻቸው። እሳቸውም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው መልሰው ሳሟት።

ኢሜይሉ አጭር ነበር። አሜሪካ መሀል አገር፣ በበቆሎ ማሳ የተከበበ አንድ ትንሽ ኮሌጅ በዝውውር ተቀብሏታል። የጀመረችውን ትምህርት ይቆጥርላታል፣ ሙሉ ወጪዋንም ይሸፍናል። መልሷን የምትሰጠው እስከ ወሩ የመጨረሻ ሰኞ ነው።

ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ከእናቷ ከሕብስት ጋር አባቷን ተከትላ ጄኔቫ ገባች። ከተወለደችበት ከተማ የምታስታውሰው አንድ ቢጫ ባልዲ ብቻ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ምን እንደነበረ እንኳ አታውቅም። ፈረንሳይኛውን በሦስት ወር አንበለበለችው፣ ማቱሪቴ የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በጥሩ ውጤት ጨረሰች፣ አባቷ እንደተመኘውም ፋርማሲ ልትማር ዩኒቨርስቲ ገባች። ጉዱ የመጣው እዚያ ነው። አራት መቶ ተማሪ በሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ ካላወራች የምትታመም ፍጥረት ናት። አጠገቧ ለሚቀመጠው ልጅ ማስቲካ ሰጥታ ወዳጅነት ብትሞክር፣ አመስግኖ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ መልሶ ሰካው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቶኔ የሚባል ሠፈር አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ምሳ ታቀርባለች። እዚያ ሚስ ኤዲት የሚባሉ የዘጠና ዓመት አሜሪካዊት ነበሩ። ሾርባቸውን እያቀዘቀዙ የተማሩበትን ኮሌጅ ይተርኩላታል። የመሠረቱት ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው አሉ። በአንድ ክፍል ከአሥራ ሁለት ተማሪ አይበልጥም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል። መምህሩን ሁሉም በስሙ ይጠራዋል። የሚወሰን ነገር ሲኖር ድምፅ አይሰጥም፤ ሁሉም እስኪስማማ ቁጭ ተብሎ ይጠበቃል። ዮዳሄ ሰሃን ማንሣቱን ረስታ ታዳምጣቸው ነበር። ቤቷ ገብታ ማመልከቻውን ሞላችው።

አሁን የቀረው አባቷ ነው። አስረስ በአገሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ ታዛቢ ሆኖ ድምፅ ቆጥሮ፣ ቆጠራው አገር ለቆ እንዲወጣ አደረገው። ዛሬ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ዮዳሄ ኢሜይሉን ስታነብለት እጁን አጣጥፎ ሰማትና፣

"ፕሮፌሰሩን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?" አላት።

"ዴቪድ።"

"ዴቪድ! ጓደኛሽ ነው?"

"ባህላቸው ነው አባዬ። ሁሉም ሰው እኩል ነው ይላሉ። ሲወስኑ እንኳ ድምፅ አይሰጡም።"

ይህን ባታነሣው ይሻላት ነበር። አባቷ ከወንበሩ ተነሣ።

"እኔ ድምፅ ይቆጠር ብዬ አገሬን ያጣሁ ሰውዬ፣ አንቺ ድምፅ የማይቆጠርበት ትምህርት ቤት ልትገቢ? እዚህ ደጃፍሽ ያለውን ዩኒቨርስቲ ትተሽ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው!"

ከዚያ ኩርፊያ ሆነ። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ "ጨው አቀብዪኝ" እና "በሩን ዝጊው" ከማለት በቀር አላናገራትም። አንድ የክፍል ጓደኛዋ "ለአካለ መጠን ደርሰሻል አይደል? ሂጂ በቃ" ስትላት ዮዳሄ ልታስረዳት ሞከረችና ተወችው። ፊርማውን አይደለም የምትፈልገው። አባት ሳይመርቅ ሻንጣ ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ ለስዊስ ልጅ በምን ቋንቋ ይነገራል?

መፍትሔው ከዙሪክ መጣ። ኮሌጁ የቀድሞ ተማሪው ከሆኑ ሩት ከሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ጋር አስተዋውቋት ነበርና፣ ሩት "እሑድ እኛ ኩዌከሮች እዚህ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሠፈር እንሰበሰባለን፤ አባትሽን ይዘሽ ነይ፤ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ይየን" አሏት። እናቷ ሕብስት ያን ዕለት ሥራ ነበረባትና ባሏን ሙሉ ልብስ አስለብሳ፣ ከረባቱን አስተካክላ፣ "ለማየት ብቻ ነው፣ ማየት አያስከፍልም" ብላ ከበሩ ገፋ አደረገችው። መልስ መስጫው ሰኞ በማግስቱ ነበር።

ዮዳሄ ለአባቷ "ጸሎት አላቸው፣ ከዚያ እንጫወታለን" ብቻ ነው ያለችው። ዝምታውን ሆን ብላ ደበቀችው፤ ካህን የለም፣ ዜማ የለም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ ብትለው መናፍቃን ናቸው ብሎ ከባቡሩ በወረደ ነበር። መቼስ ሲደርስ ያያል ብላ በእግዚአብሔር ላይ ጣለችው። እግዚአብሔርም ነገሩን ተቀብሎ የራሱን ሥራ ሠራ።

ሩት በሩ ላይ ቆመው የአስረስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና በፈረንሳይኛ "ስንጠብቅዎት ነበር" አሉት። ክፍሉ ተራ ክፍል ነው። መስቀል የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ መድረክ የለም። ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ አሥራ አንድ ሽበታም ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም ተራ በተራ እየተነሡ ጨበጡት። ከዚያ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

አምስት ደቂቃ አለፈ። የዮዳሄ ሆድ እንደ ዕቃ መጫኛ መኪና ጮኸ። ሳቋ መጣ። ከንፈሯን ነከሰች፣ ጭኗን ቆነጠጠች፣ ያለፈውን የኬሚስትሪ ፈተና አሰበች፤ ሳቁ ግን አፍንጫዋ ድረስ ደርሷል። በዐሥረኛው ደቂቃ አባቷን በጎን አየችው። እግሩን አነባብሮ የነበረው ሰውዬ እግሩን አውርዷል። ኮቱን ቆልፏል። ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ቀና ብለው አይተውት ፈገግ ሲሉ፣ አባቷ አንገቱን ሰበረ። በሃያኛው ደቂቃ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ሊያብድብኝ ነው፣ አለቀልኝ ብላ ሳቋ ሁሉ ደረቀ።

ግማሽ ሰዓት ሲሆን አስረስ ብድግ አለ።

"የተከበራችሁ ሽማግሌዎች" አለ በአማርኛ፤ ወደ እሷም ዞሮ፣ "ተርጉሚ!"

ሽማግሌዎች? ዮዳሄ ክቡን አየች፣ ሽበቱን አየች፣ "ስንጠብቅዎት ነበር" የተባለው ትዝ አላት። ያን ጊዜ ገባት። አባቷ ሽማግሌ የላከችበት መስሎታል! አሥራ አንድ ፈረንጅ ሰብስባ፣ እሺ ሳይል ላይነሡ ያስቀመጠችበት መስሎታል! መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ግን የአፎልተርን መሬት እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም። ቆማ መተርጎም ጀመረች።

"እኔ ሽማግሌ አስቀምጬ ዝም የምል ሰው አይደለሁም" አለ አስረስ። "አስተዳደጌም አይደለም። ይኸው ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አንዳችሁም አልለመናችሁኝም፣ አልገሠጻችሁኝም። ብትናገሩኝ መልስ ነበረኝ፤ ከጄኔቫ ጀምሬ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ዝም ላለ ሰው ግን ምን ይመለስለታል?"

እሷ ተረጎመች። ማንም ምንም አላለም። ይህ ደግሞ አባቷን ጨርሶ አሸነፈው።

"እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ለልጄ ስለ ድምፁ ተናገርኩ፣ ስለ ዩኒቨርስቲው ተናገርኩ፤ ሰበብ ነው። ከምርጫው በኋላ፣ በዘጠና ስምንት ኅዳር ላይ ከአገር ስወጣ፣ አባቴ ደብረ ብርሃን ነበሩ። ቅርብ ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ብሄድ እያዛለሁ ብዬ ፈራሁና ሳልሰናበታቸው፣ ሳይመርቁኝ ወጣሁ። ከዚያ እሳቸው ዐረፉ። እኔ የማውቀው መሄድ እንዲህ ያለውን ነው። የሄደ ሰው የሚመለስ አይመስለኝም። ይቺን ልጅ ከመረቅኋት ትሄድብኛለች ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት።"

ይህን ዮዳሄ ከእሱም ከእናቷም ሰምታው አታውቅም። ትርጉሟ እያጠረ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ "አባቱን አልተሰናበተም" ብላ ቆመች።

አስረስ ሁለት እጁን ዘረጋ። "ሂጂ ልጄ። የሄድሽበት ይቅናሽ። ከክፉ ይሰውርሽ። የያዝሽው ይባረክልሽ። አውቀሽ፣ ተምረሽ፣ በሰላም ለመመለስ ያብቃሽ።"

እጁን እንደዘረጋ ቆመ። አሜን እየጠበቀ ነው። የኩዌከሮች ደንብ ደግሞ ሰው ከተናገረ በኋላ ቃሉ ልብ ውስጥ እስኪገባ ዝም ማለት ነው። እነሱ ዝም፣ እሱ እጁን ዘርግቶ፣ ምርቃቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ። ተመራቂ ለራሱ ምርቃት ብቻውን አሜን ሲል ዮዳሄ አይታ አታውቅም፤ ግን መሬት ከሚወድቅ ብላ፣

"አሜን!" ብላ ጮኸች።

አንቀላፍተው የነበሩ አንድ አዛውንት ብንን ብለው "አሜን!" አሉ። ሩት በሳቅም በእንባም ፊታቸውን ሸፈኑ። አስረስ ሁለቱን አሜን ተቀብሎ፣ ለሁሉም እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

ሳይመሽ ቤታቸው ለመግባት ከቀትር በኋላ የስምንት ሰዓቱን ባቡር ያዙ። አባቷ እንደ ልጅ ለፈለፈ። "እንዲህ ያለ ሽምግልና ዓይቼ አላውቅም! የእኛዎቹ ቢሆኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረት ተርተው፣ በመሀል እርስ በርሳቸው ተጣልተው ነበር። እነዚህ ግን ዝም! በዝምታ አንበረከኩኝ! ግን ማንን አናግረሽ ነው ያመጣሻቸው?"

ዮዳሄ በደስታዋ ብዛት መስኮቱን አቅፋ መሳም ቃጥቷት ነበር። ዝም ብትል ነገሩ አልቋል። ግን እንዲህ ተናግሮ፣ ያን ሁሉ አውጥቶ፣ በስሕተት መሆኑን ሳያውቅ ቢቀር ምርቃቱ ራሱ የተሰረቀ መሰላት። በርን ከተማ ሳይደርሱ ነገረችው።

"ሽማግሌዎች አልነበሩም አባዬ። እኔ ማንንም አልላክሁም። ጸሎታቸው ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ይቀመጣሉ።"

አስረስ ፊቱ ቀላ። "ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲጠብቁ ነበር?"

"እግዚአብሔር እንዲናገር። አንዱ ሰው ልብ ውስጥ ቃል ይመጣል ይላሉ፤ የመጣለት ይነሣል።"

"ካልመጣስ?"

"ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።"

"ዛሬ የተነሣው ማን ነው?"

"አንተ ብቻ።"

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። የበርን ጣቢያ አለፈ፣ የፍሪቡር አለፈ፤ እሱ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን ይህን ቃል ሊመልሰው ነው ብላ ዮዳሄ ጥፍሯን ጨረሰችው። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ የጄኔቫ ሐይቅ ከታች ሲዘረጋ ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ።

"ሕብስት፣ ፈቅጃለሁ… ኧረ ማንም አልለመነኝም። ሽማግሌ የላከችብኝ መስሎኝ ነበር፣ አይደሉም… እኔማ ማን እንደተላከብኝ እያሰብኩ ነው።"

ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን አበሰ። ዮዳሄ እየሳቀችና እያለቀሰች የኮሌጁን ገጽ ከፍታ ጣቷን "እቀበላለሁ" የሚለው ላይ ልታሳርፍ ስትል፣

"ቆይ! አትጫኚው!" አላት።

ዮዳሄ ጣቷን አነሣች። አባቷ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከእጇ ወሰደ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አነበበ።

"የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የምጫነው" ብሎ በሌባ ጣቱ አጥብቆ ተጫነው፤ ምናልባት አልሠራ እንደሆነ ብሎም ደገመው። "ሄደ?"

"ሄደ፣ አባዬ።"

ከዚያ በኋላ እስከ ጄኔቫ ድረስ እጇን አልለቀቀም።