የአባዬ የኅዳር ጉንፋን

መስኮት በነፋስ ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር የአባዬ ደረት ትዝ ይለኛል። በጃንሆይ ዘመን ጎባ ላይ ዳኛ ነበር፤ ዳኛ መታመሙ ከታወቀ ፍርዱም ይናቃል ብሎ ያምን ስለነበር፣ አስሙን «ጉንፋን ናት» እያለ ደብቆ ይኖር ነበር።

ክረምት ዝናቡ አቧራውን ስለሚያስተኛለት እንደ ጤነኛ ሰው ይተነፍስ፣ ዳገቱንም በእግሩ ይወጣ ነበር። መስከረም ጠብቶ ሜዳው አበባ ሲለብስ ግን ማስነጠስ ይጀምራል። ችሎት ላይ ባስነጠሰ ቁጥር ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ብድግ ብለው «ይማርዎ» ይሉታል፣ እሱም «ያኑራችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ሌላው ይከተላል፤ ሲነሱና ሲቀመጡ ውለው ደክሟቸው ታርቀው የሄዱ ባለጉዳዮች አሉ እየተባለ ይወራ ነበር።

ኅዳር ከሁሉም ይብስበት ነበር። የሮቤ ገብስና ስንዴ ሲወቃ እብቁ በነፋስ ይመጣል፤ በሚካኤል ዕለት ደግሞ በሽታ ይውጣ ተብሎ ከተማው በሙሉ ጥራጊውን እያነደደ ያጥናል። አንድ ዓመት በዚያ ጭስ ከንፈሩ ጠቁሮ በራፋችን ላይ ወደቀ። በዓመቱ የሚካኤል ዕለት እማዬ ከጭሱ ልታሸሸው ፈልጋ፣ በሳነቴ ደጋ መንገድ ሽቅብ ያሉ ዘመዶቿ በወሰን ተጣልተዋልና ሄደህ አስታርቅልኝ ብላ ለመነችው። እኔን በበቅሎው አፈናጥጦ ማለዳ ወጣ። ዘመዶቿ ጠብ የሚባል እንደሌላቸው ግራ ገብቷቸው ቢነግሩትም አልተቆጣም፤ ቀዝቃዛው አየር ደረቱን ከፍቶለት ስለነበር፣ ስንመለስ ቁልቁለቱን በሙሉ እየዘፈነ ወረደ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰፈራችን ስንደርስ ጭስ የለም። የሰፈሩ ሰው ቤት የሚያክል ጥራጊ ከደጃችን ከምሮ ቆሟል። ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ክብሪቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ «አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ጌታዬ፣ ያለ እርስዎ መለኮስ ነውር ሆኖብን ጠበቅንዎት» አሉ።

አባዬ ክብሪቱን ተቀብሎ ክምሩን አየ፣ ቀጥሎ እማዬን አየ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ የካፖርቱን ጫፍ ጨብጬ ይዤ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ እኔ አስም አለብኝ» አለ።

«እሱንማ እናውቃለን» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ሲያስነጥሱ እኮ ገበያ ድረስ ይሰማል። ከደጅዎ የከመርነው ጉንፋን ነው ስላሉን ነው፤ ጉንፋን ደግሞ ጭስ ይወዳል።»

ክምሩን እየተሳሳቁ ተሸክመው ወንዝ ማዶ ወስደው አነደዱት። አባዬ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጉልበቱን በእጆቹ ይዞ በረጅሙ ተነፈሰ።

ደረቱን አውርሶኛል። ዛሬ ስብሰባ መሃል መድኃኒቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስስብ ተናጋሪው ንግግሩን እንኳ አያቋርጥም። ከእሱ ይልቅ ቀሎልኛል፤ እንደዚያች የደፍ ላይ ትንፋሽ ያለ ግን እስካሁን አላገኘሁም።