ለጫካው ጠባቂ የተሰፈረ ገብስ

አያቴ ገብስ በተወቃ ቁጥር፣ እህሉ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት፣ ከአውድማው ላይ አንድ ቁና ሰፍረው የቤተ ክርስቲያናችንን ጫካ ለሚጠብቀው መነኩሴ ይሰጡ ነበር። ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ ጉሬዛው እንዳይታደን የሚከለክለው እሱ ነው። አንበጣ አዝመራውን በበላበት ዓመት እንኳ ቁናውን አነሡ። እናቴ ፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ልጆቹስ ምን ይብሉ?»

«እኛስ ሰው ነን፤ ደጅ ቆመን እንለምናለን። ጉሬዛ በማን ደጅ ይቆማል?» አሏት።

ርቦኝ ስለነበር ያን ቀን በልቤ ረገምኋቸው።

ዘንድሮ ደብረ ታቦር የሰፈረው ጦር የጫካችንን ጽድም ወይራም ለጎጆና ለማገዶ ቆርጦ ጨረሰው። መነኩሴው ተሰደደ። አያቴ ሄደው ጉቶውን አይተው ተመለሱና ተኙ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። ጥላ በሌለው ቅጥር፣ ፀሐይ አናታችንን እየበሳው ቀበርናቸው።

በአርባቸው፣ ተዝካሩን ልንበላ እንደተቀመጥን፣ አጥንቱ የወጣ ጉሬዛ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ውሾቹ ዘነጣጠሉት። ከድግሱ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተነሣሁም።

አያቴ፣ በማን ደጅ ይቆማል ብለው ነበር። በአንቱ ደጅ ቆሞ ነበር።