ስለ ፖንዛ የተጻጻፍነው

የአባቴን መርዶ የሰማሁት ግንቦት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰባዎቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ያኔ በመንገዱ አንድም የሐበሻ ምግብ ቤት አልነበረም፣ ከክፍሌ ሥር የአይሁዶች ዳቦ ቤት ነበር። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። እኛ ተማሪዎቹ እንደ አባት የምናያቸው፣ ባልድዊን ሂልስ የሚኖሩት ጋሼ ከባለቤታቸውና ከሁለት የኮሌጅ ጓደኞቼ ጋር ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

“አባባ ነው?” አልኩ።

“አዎ ልጄ። ታመው ነበር። ካረፉ ወር አልፏቸዋል።”

ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ መቀመጫ እንደማይበቃ አየሁና ከጎረቤት ሁለት ወንበር ለምኜ መጣሁ። ሰኞ ሥራ ገባሁ። ፒኮ ሮበርትሰን ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሙቀት ለካሁ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ ሰው ሲቀልድ ሳቅሁ። ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ ሮም ነበረች። ከአገር ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከሦስት ሐበሾች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ፣ ቀን የአንዲት አሮጊት ቤት እያጸዳች፣ የአሜሪካ ቪዛ ትጠብቃለች። ከቤት ደብዳቤ ከመጣላት ቆይቷል፤ በዚያ ዘመን የፖስታ መዘግየት ማንንም አያስደነግጥም። እኔም ነሐሴ ላይ ልጠይቃት ትኬት ቆርጬ ነበር።

“ልጻፍላት?” ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው።

“እንዳታደርጊው። ሰው አገር ላለች ልጅ መርዶ በወረቀት አይነገርም። ኦገስት ትሄጂ የለም? አጠገቧ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ።”

“እስከዚያ ምን እያልኩ ልጻፍላት?”

“እንደ ድሮሽ ጻፊ።”

እንደ ድሮዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ የእሷ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አንድ ቀን የምናሳልፍበትን ደሴት አግኝታለች፣ ስሙ ፖንዛ ነው።

“ስሚ፣ ሁሉንም አጣርቻለሁ” ትላለች። “ማለዳ ከሮም በባቡር አንዚዮ እንወርዳለን፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መርከቧ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ አሥራ አንድ ላይ ትመልሰናለች። የማጸዳላቸው ሴትዮ እንዳሉኝ፣ ወደ ባሕሩ የሚወረደው በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ ስትወጪ ውሃው እግርሽ ሥር ነው። ዋና እንደማትችይ አውቃለሁ። እስከ ወገብሽ ትገቢያለሽ፣ እጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ።”

እሷን ዋና ያስተማራት አባባ ነው፣ ላንጋኖ ላይ። እኔ ውሃ እፈራ ስለነበር ዳር ሆኜ ልብሳቸውን እጠብቅ ነበር።

መለስኩላት። ውሃው ይቀዘቅዛል ወይ? ጥላ አለ ወይ? ልብስ የሚቀየርበት ቦታስ? ምሳ ከሮም እንያዝ ወይስ እዚያ ይገኛል? በእረፍቴ ቀን ክሬንሾው ገበያ ወርጄ የዋና ልብስ ገዛሁ፣ ለእሷ ሰማያዊ፣ ለእኔ ጥቁር። ሻጯ “ቫኬሽን ነው?” ስትለኝ “አዎ፣ ሜዲትራኒያን” አልኳት፤ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ሰኔ ሙሉ እንዲህ ተጻጻፍን። በአንደኛው ደብዳቤ “ለአባባ ከደሴቷ ፖስት ካርድ እንልክላቸዋለን፣ ሁለታችንም እንፈርምበታለን” አለችኝ። “ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቴምብሩን ሮም ላይ ግዢ” ብዬ ጻፍኩና ፖስታውን አሽጌ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ሐምሌ ላይ ያልጠበቅነው ሆነ፤ ቪዛዋ ወጣ። “እየመጣሁ ነው፣ ፖንዛ ይቆየን” የሚል ቴሌግራም ላከችልኝ። ትኬቴን ካንስል አደረግሁ። ጋሼ ራሳቸው ድራይቭ አድርገው ኤርፖርት ወሰዱኝ፣ መንገድ ላይ “ዛሬ ትተኛ፣ ነገም ትረፍ” አሉኝ። እህቴ ስትወጣ አቅፋኝ ሳቀች። ከስታለች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠይሟል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እነ ጋሼ መጡ። እኔን ባረዱኝ ዓይነት አረዷት። ደረቷን እየደቃች “አባባ፣ አባባ” ስትል የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀር ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ሁለት ሴቶች ያዟት። እኔ ውሃ አቀርብ ነበር።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ኩሽና ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

“መቼ ነው የሰማሽው?” አለችኝ።

“ግንቦት።”

“ስለ ፖንዛ ስንጻጻፍ ታውቂ ነበር።”

“አውቅ ነበር።”

“ቴምብር ግዢ ስትዪኝም?”

“አዎ።”

“እንዴት ቻልሽው?”

ጋሼ ከልክለውኝ ነው ልላት እችል ነበር። እውነትም ነበር። ግን የጠየቀችኝ እሱን አይደለም።

“ከብዶኝ ነበር ብልሽ ውሸት ነው” አልኳት። “ምንም አልተሰማኝም። አሁንም አይሰማኝም።”

“ደብዳቤዎችሽን አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር” አለች። “ደስ ብሎሽ የምትጽፊ መስሎኝ።”

ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። አንድ አልጋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች፣ ጠዋት የሠራሁትን ሻይ ትጠጣለች፣ ትወጣለች። አልተቆጣሁም፣ አልለመንኳትም። በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ፣ “ባሕሩ ሩቅ ነው?” አለችኝ። በአውቶቡስ ሳንታ ሞኒካ ወረድን። እሷ ዋኘች፤ ጭንቅላቷ ትንሽ ነጥብ እስኪመስል ድረስ ርቃ ሄደች። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ፣ ብትሰጥም ማንን እንደምጠራ አሰብኩ። ልቤ እንኳ አልፈጠነም።

ተመልሳ ስትመጣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ፎጣ አለበስኳት።

“አላለቀስሽም አይደል? እስካሁን።”

“አላለቀስኩም።”

“ኦኬ” አለች። አሸዋውን ከእግሯ አራገፈች። “የመጣብሽ ቀን ብቻሽን እንዳትሆኚ።”

ለቅሶው የመጣብኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ሥራ ቦታ የአንድ ሽማግሌ ጫማ እያሰርኩላቸው። እሷ ያኔ አግብታ ኦክላንድ ገብታለች። ከነርሶቹ ክፍል ደወልኩላት፤ መናገር አልቻልኩም። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች፣ እኔም አለቀስኩ።